የዘር ሰብሳቢው ቫቪሎቭ፦ ከአንኮበር ማሳ እስከ ሳራቶቭ እስር ቤት

በ1919 ዓ.ም የበጋ ወራት አንድ የ39 ዓመት ሩሲያዊ ምሁር ከጅቡቲ በባቡር ተነስተው አዲስ አበባ ገቡ። ኢትዮጵያና ሶቪየት ኅብረት በዚያን ጊዜ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ የዘውዱ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን እንግዳውን ተቀብለው አነጋገሯቸው፤ ወደ ሰሜን የሚጓዙበትንም ፈቃድ ሰጧቸው። ምሁሩ በቅሎዎችና አጃቢዎች አሰባስበው በአንኮበር በኩል ጉዟቸውን ጀመሩ። የሚፈልጉት ወርቅም ማዕድንም አልነበረም። በየማሳው፣ በየአውድማውና በየገበያው እየቆሙ ከእያንዳንዱ ዓይነት እህል ጥቂት ጥቂት ጭብጥ ይወስዱ፣ የተገኘበትን ሥፍራ ይጽፉ፣ በከረጢት ያሥሩ ነበር።

እኚህ ሰው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይባላሉ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚገኙት የጂን ባንኮች የቆሙበትን አስተሳሰብ ከመሠረቱት ሳይንቲስቶች ቀዳሚው ናቸው። ዝርያ አሻሻዮች የበቆሎን፣ የገብስንና የማሽላን የምግብ ይዘት ለማሳደግ ወደ ነባር የአርሶ አደር ዝርያዎች ተመልሰው በሚፈልጉበት ጊዜ ሁሉ፣ አውቀውም ሆነ ሳያውቁት፣ ቫቪሎቭ በጠረጉት መንገድ ላይ ይሄዳሉ። (ከዚህ በኋላ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫቪሎቭ የተወለዱት በኅዳር ወር 1887 በሞስኮ ከተማ ነው። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ ወጥተው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ሰርጌይ የፊዚክስ ሊቅ ሆነው በኋላ የአገሪቱን የሳይንስ አካዳሚ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የቫቪሎቭ የልጅነት ዘመን ሩሲያ በተደጋጋሚ በረሃብ የተመታችበት ዘመን ነበር፤ በ1891 እና በ1892 በቮልጋ ወንዝ አካባቢ የደረሰው እልቂት ሲከሰት ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ወጣቱ ኒኮላይ የአባታቸውን ንግድ ትተው የግብርና ትምህርት ቤት ገቡ። በ1913 ወደ እንግሊዝ ተሻግረው በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩት የዘር ውርስ ተመራማሪ ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ትምህርታቸውን አጠናከሩ።

የመጀመሪያው ትልቅ የመስክ ሥራቸው የተጀመረው ከወታደሮች ቀለብ ነው። በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በሰሜን ፋርስ የሰፈሩ የሩሲያ ወታደሮች የአካባቢውን ዳቦ በበሉ ቁጥር ራሳቸውን ያዞራቸው፣ እንደ ሰካራም ያንገዳግዳቸው ጀመር። ምክንያቱን እንዲመረምሩ የተላኩት ቫቪሎቭ ስንዴው ከእንክርዳድ ጋር ተቀላቅሎ እንደሚፈጭ አረጋገጡ። እንክርዳድ በስንዴ ማሳ ውስጥ ስንዴ መስሎ የሚያድግ፣ በፍሬው ውስጥ ከሚኖር ሻጋታ የተነሳ መርዝ የሚይዝ አረም ነው። የኢትዮጵያ ገበሬም ጠባዩን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ እንክርዳድ የበዛበት ዳቦና ጠላ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት ላቦራቶሪ አላስፈለገውም። ችግሩ መፍትሔ ካገኘ በኋላ ወጣቱ ተመራማሪ ወደ ሞስኮ በቀጥታ አልተመለሱም። ወደ ፓሚር ተራሮች ዘለቁ፤ ከዚያም የዘር ከረጢቶችን ተሸክመው ተመለሱ። ከዚህ ጉዞ በኋላ እስከ ዕለተ እስራታቸው ድረስ መሰብሰብ አላቆሙም።

በ1917 በቮልጋ ዳርቻ በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆነው ተመደቡ። አብዮትና የእርስ በርስ ጦርነት በሚናጡባት በዚያች ከተማ፣ በ1920 በተካሄደ የዝርያ አሻሻዮች ጉባኤ ላይ ስማቸውን ያስጠራውን ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ በሥጋ ዘመድ የሆኑ ዕፅዋት የሚያሳዩዋቸው ልዩነቶችም እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። በስንዴ ላይ አንድ ጠባይ ከታየ፣ ለምሳሌ ፍሬው በውቂያ ጊዜ ከገለባው በቀላሉ የሚላቀቅ ወይም ጥቁር ዛላ ያለው ዓይነት ከተገኘ፣ ያው ጠባይ በገብስም በአጃም መገኘት አለበት። እስካሁን ካልተገኘ አልተፈለገም ማለት ነው። ተሰብሳቢዎቹ ይህንን የኬሚስትሪው ሊቅ ሜንዴሌየቭ ገና ላልተገኙ ንጥረ ነገሮች ባዶ ቦታ ከተዉበት ሠንጠረዥ ጋር አመሳሰሉት። በቫቪሎቭ ሠንጠረዥ ውስጥ ያሉትን ባዶ ቦታዎች የሚሞላው ግን በላቦራቶሪ የሚቀመመው አይደለም፤ በሆነ አገር፣ በሆነ ገበሬ ጎተራ ውስጥ የተቀመጠ ዘር ነው።

በ1921 ወደ ፔትሮግራድ ተዛውረው የተግባር እጽዋት ጥናት ቢሮውን መሩ። ያን ዓመት ረሃብ ቮልጋን እንደገና መትቶት ነበር። ቢሮው በኋላ ተስፋፍቶ የአገሪቱ የዕፅዋት ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ቫቪሎቭም እስከ 1940 ድረስ በዳይሬክተርነት መሩት። በ1926 የሰብሎችን መነሻ ማዕከላት የሚመለከተውን ታላቅ ጥናታቸውን አሳተሙ። በጥናቱ መሠረት የሰው ልጅ የሚመገባቸው ሰብሎች በዓለም ላይ በእኩል አልተሠራጩም። የልዩነታቸው ብዛት በጥቂት ተራራማ አካባቢዎች ታጭቆ ይገኛል፤ ከእነዚህም አንዱ ኢትዮጵያና ኤርትራ ናቸው። ጽሑፉ በታተመ በወራት ውስጥ ደራሲው የጻፉትን በዓይናቸው ለማየት ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ባቡር ተሳፈሩ።

በኢትዮጵያ ያዩት ከጠበቁት በላይ ነበር። በአውሮፓ አንድ ማሳ ማለት አንድ ዓይነት ስንዴ ማለት ከሆነ ዘመናት አልፈዋል። እዚህ ግን በአንዲት ጥማድ መሬት ላይ ነጭ፣ ቀይና ወይን ጠጅ መሰል ፍሬ ያላቸው ስንዴዎች ተደባልቀው ይበቅላሉ። በትግራይና በኤርትራ ገብስና ስንዴን አደባልቆ መዝራት፣ ሀንፈጽ የሚባለው፣ የተለመደ ነው። ላልተማረ ዓይን ዝርክርክነት ይመስላል፤ ለቫቪሎቭ ግን ማሳው ራሱ የዘር ማከማቻ ሆኖ ታያቸው። ዝናብ ቢያጥር አንዱ ያፈራል፣ ዋግ ቢመታ ሌላው ይተርፋል። ጤፍ፣ ኑግ፣ የተለያዩ የገብስ ዓይነቶች ተራ በተራ ወደ ከረጢቱ ገቡ። ቅፍለቱ በጎንደርና በአክሱም አድርጎ አስመራ ደረሰ።

በዚህ ጉዞ ከተገኙት ሁሉ ሳይንቲስቱን ይበልጥ ያስደሰታቸው በሰሜን ኢትዮጵያ ያገኙት ዛላው ላይ እንደ ጺም የሚቆም ጭራ የሌለው የዱረም ስንዴ ነው። የዳቦ ስንዴ ጭራ ያለውም የሌለውም ዓይነት እንዳለው ይታወቅ ነበር። በዱረም ስንዴ በኩል ግን በሠንጠረዡ ላይ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። በ1920 በሳራቶቭ መድረክ ላይ መኖር አለበት የተባለው ዓይነት፣ ከሰባት ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ላይ ቆሞ ተገኘ። ቫቪሎቭ ስለ ኢትዮጵያ ስንዴዎች ያዘጋጁት ጥናት በ1931 ታትሟል።

የኋላ ተመራማሪዎች አንድ እርማት አድርገዋል። ስንዴና ገብስ በመጀመሪያ የለሙት በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑን የአርኪዮሎጂና የዘረመል ጥናቶች አሳይተዋል። ስለሆነም ኢትዮጵያ ለእነዚህ ሁለቱ የመነሻ ሥፍራ ሳትሆን ልዩነታቸው የበዛባትና የተጠበቀባት ሁለተኛ ቤታቸው ናት። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰትና ቡና ግን በእርግጥ የዚሁ ምድር ተወላጆች ናቸው። እርማቱ የቫቪሎቭን ዋና ሐሳብ አያናጋም፤ ዝርያ አሻሻይ የሚፈልገው የብዛትን ሥፍራ ነውና።

በ1930 ወደ ሜክሲኮና ወደ መካከለኛው አሜሪካ ተጓዙ። የበቆሎ አገር ይህ ነው። በማሳዎቹ ዳር ቴዎሲንቴ የተባለው የበቆሎ የዱር ዘመድ እንደ አረም ይበቅላል፤ ገበሬዎቹም ነጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ በቆሎ እንደየአየሩና እንደየምግቡ ለይተው ይዘራሉ። ቫቪሎቭ የበቆሎ መነሻ ደቡባዊ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው ከሚለው ድምዳሜ ላይ ደረሱ። የዘመናችን የዘረመል ጥናት ይህንን አጽድቆ፣ ሥፍራውን በደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ የባልሳስ ወንዝ ሸለቆ፣ ዘመኑንም ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት አድርጎታል። በ1932 በተጀመረው ሁለተኛ ጉዞ ደግሞ ፔሩንና ቦሊቪያን ጨምሮ ደቡብ አሜሪካን አዳረሱ። በአንዲስ ተራሮች የሚበቅለው ፍሬው ትልልቅና ዱቄታማ የሆነ በቆሎ ከሜክሲኮው ጋር ሲነጻጸር ፍጹም ሌላ እህል ይመስላል። የአገሬው ሰው ይህንኑ ለቅቅልና ለጥሬ እያለ ለዘመናት ሲመርጠው ኖሯል።

እስከዚህ ድረስ የቫቪሎቭ ሕይወት የስኬት ሕይወት ነው። ከ1929 ጀምሮ የአገሪቱ የግብርና ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ የሌኒን ሽልማትም ተቀብለዋል። በአጭር አነጋገር እሳቸውም ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ ማለት ነው። የገጠማቸውም ፈተና የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ዓይነት ነበር፦ የጊዜ ሰሌዳ። የግብርና በግዳጅ መሰባሰብ ምርቱን አሽቆልቁሎት ነበር፤ በ1932 እና በ1933 ሚሊዮኖች በረሃብ አለቁ። የበላይ አካላት አዲስ ዘር በአፋጣኝ እንዲቀርብ አዘዙ። ነባር ዝርያዎችን ሰብስቦ፣ ለይቶ፣ አዳቅሎ፣ በየአየር ጠባዩ ሞክሮ አንድ አስተማማኝ ዝርያ ለማውጣት ግን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቫቪሎቭ ይህን ሳይሸሽጉ ተናገሩ።

ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለው ወጣት የግብርና ባለሙያ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አደርሳለሁ አለ። የዘር ፍሬን አርጥቦና አቀዝቅዞ በመዝራት ጠባዩን መለወጥ ይቻላል፤ በዘር የሚተላለፍ ጂን የሚባል ነገርም የለም ባይ ነበር። ቫቪሎቭ በዚህ ነገር ከተጠያቂነት ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደሉም። ሰውየው ገና ሲነሳ ሥራውን በአደባባይ ያወደሱና ያበረታቱ እሳቸው ነበሩ። ስሕተታቸውን ሲረዱ ጊዜው አልፏል፤ ሊሴንኮ የስታሊንን ድጋፍ አግኝቶ በ1938 ራሱ ቫቪሎቭ በመሠረቱት አካዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በ1939 በኤዲንብራ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የዘረመል ጉባኤ ቫቪሎቭን ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መርጧቸው የነበረ ቢሆንም ከአገር እንዳይወጡ ተከለከሉ።

በነሐሴ 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ቼርኒቭትሲ አካባቢ ዘር በመሰብሰብ ላይ እያሉ መኪና መጥቶ ይዟቸው ሄደ። ባልደረቦቻቸው የተዉትን ከረጢት ሲከፍቱ የዕለቱን ለቀማ አገኙ። ከመካከሉም ልጣጩን በቀላሉ የማይለቅ ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት፣ የእኛው አጃ ዘመድ፣ ነበረበት። ይህ የመጨረሻ ግኝታቸው ሆነ። ከአሥራ አንድ ወር ምርመራ በኋላ በሐምሌ 1941 በስለላና በአሻጥር ወንጀል የሞት ፍርድ ተበየነባቸው። የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲቃረብ ከሌሎች እስረኞች ጋር ወደ ሳራቶቭ ተወሰዱ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የአዳራሽ ጭብጨባ ወደተቀበሏት ከተማ ተመለሱ፤ ይህን ጊዜ ግን ወደ እስር ቤቷ። የሞት ፍርዱ በ1942 ወደ 20 ዓመት እስራት ተቀነሰ። በመስኮት አልባው ክፍል ለእስረኛ ጓደኞቻቸው ስለ ሰብሎች ትምህርት ይሰጡ እንደነበር ከእስር የወጡ ሰዎች መስክረዋል።

የምስር ዝርያዎች ተመራማሪ የነበሩት ባለቤታቸው የሌና ባሩሊና ከጦርነቱ ሸሽተው ከልጃቸው ጋር በዚያው በሳራቶቭ ይኖሩ ነበር። ከእጃቸው ቆርጠው የሚያዘጋጁትን ስንቅ ባለቤታቸው ይገኙበታል ብለው ወደሚያምኑባት ወደ ሞስኮ ይልኩ ነበር። ባለቤታቸው በእግር ሊደረስ በሚችል ርቀት ላይ መታሰራቸውን የነገራቸው አልነበረም። ኒኮላይ ቫቪሎቭ በጥር 26 ቀን 1943 በምግብ እጦት ተዳክመው በ55 ዓመታቸው አረፉ።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። ከበባው ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ዘልቋል። በኢንስቲትዩቱ ሕንፃ ውስጥ ቫቪሎቭና ባልደረቦቻቸው ያከማቹት ወደ 250,000 የሚጠጋ የዘር ናሙና ተቀምጧል። ሩዝ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ለውዝ፣ ሁሉም የሚበላ ነው። የከተማው ሰው ሙጫና ቆዳ እየቀቀለ በሚበላበት ክረምት ሠራተኞቹ ናሙናዎቹን ከአይጥ፣ ከብርድና ከራሳቸው ረሃብ ጠበቁ። የሩዝ ክምችት ኃላፊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺዎች በሚቆጠሩ የሩዝ ጥቅሎች መካከል በረሃብ ሞቱ። የለውዝ ባለሙያው አሌክሳንደር ሽቹኪንም በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ሕይወታቸው አለፈ። ሌሎችም ተከተሉ። ከኢትዮጵያ የመጣው ስንዴና ገብስ በዚህ መንገድ ከተረፉት መካከል ነው። የሶቪየት መንግሥት የቫቪሎቭን ፍርድ የሻረው በ1955 ሲሆን፣ ኢንስቲትዩቱ በስማቸው የተሰየመው ከዚያ በኋላ በ1960ዎቹ ነው።

ከሞታቸው ሃያ ዓመት በኋላ የተከሰተው ነገር ከሳራቶቩ ንግግር ጋር አብሮ ሊነበብ ይገባዋል። በቆሎ ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነትን በሚገባ አይገነባም። ፕሮቲኑ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች በበቂ መጠን አይዝም። ወተትና እንቁላል የማያገኝ፣ በበቆሎ ገንፎና አጥሚት ብቻ ጡት የሚጥል ሕፃን ጠግቦ እየበላ ይቀጭጫል። በ1963 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤድዊን መርዝና ኦሊቨር ኔልሰን ከባልደረባቸው ጋር ኦፔክ 2 በመባል የሚታወቀው፣ ፍሬው ብርሃን የማያሳልፍ ኖራ መሰል በቆሎ፣ እነዚህን ንጥረ ነገሮች ከተለመደው እጥፍ ገደማ እንደሚይዝ ደረሱበት። ግኝቱ በዓመቱ ለኅትመት በቃ።

በቆሎ ይህን ጠባይ ካሳየ ዘመዶቹስ? ቫቪሎቭ ቢኖሩ የሚያቀርቡት ጥያቄ ይህ እንደሚሆን አያጠራጥርም። ፍለጋው የተካሄደው በዓለም የዘር ክምችቶች ውስጥ ሲሆን፣ ሁለት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መርቷል። በ1970 ሂፕሮሊ በሚል ስም የታወቀው ላይሲን የበዛበት ገብስ ይፋ ሆነ፤ ከኢትዮጵያ የተወሰደ፣ ልጣጭ የሌለው ገብስ ነው። በ1973 ደግሞ ሲንግና ጆን አክስቴል የዓለምን የማሽላ ክምችት ሲያበጥሩ ከፍተኛ ላይሲን ያላቸውን ሁለት ዓይነቶች አገኙ፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ነባር ዝርያዎች ነበሩ።

በቆሎውን ከላቦራቶሪ ወደ ማሳ ማድረስ ሌላ ዘመን ጠይቋል። የመጀመሪያው ኦፔክ 2 ፍሬው ለስላሳ በመሆኑ ነቀዝ ይቀድመዋል፤ ክብደቱም አነስተኛ ነው። ገበሬውም ወፍጮ ቤቱም አልወደዱትም፤ ገንዘብ የመደቡ ድርጅቶችም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፊታቸውን አዞሩ። በሜክሲኮ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ሱሪንደር ቫሳልና ኤቫንጀሊና ቪዬጋስ ግን ሥራውን አልተዉትም። ቱክስፔኞ የተባለውን የሜክሲኮ ነባር በቆሎ ጨምሮ የልዩ ልዩ አካባቢ ዝርያዎችን በማዳቀል፣ የላይሲኑን መጠን በየትውልዱ በኬሚስትሪ እየመዘኑ፣ ፍሬው የጠነከረና ምርቱ ከተራው በቆሎ ጋር የሚወዳደር ዘር አወጡ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። በኢትዮጵያም ጋቢሳ በሚል ስም የሚታወቀው የዚህ ዓይነት ድቅል በቆሎ በ2001 ተለቆ ለአርሶ አደሩ ቀርቧል፤ ቀጥሎም ሌሎች ዝርያዎች ወጥተዋል። በሸማቹ ፊት ያለው ችግር ምግባማው በቆሎ ከተራው በዓይን የማይለይ መሆኑ ነው። ዘሩም በአጎራባች ማሳ ካለ ተራ በቆሎ ጋር ከተዳቀለ ጥራቱን ያጣል።

ሁለቱ የማሽላ ዓይነቶች የተገኙት ከወሎ ነው። ፍሬያቸው ሲደርቅ የጨመተ፣ ምርታቸውም ከሌላው ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ የአካባቢው ገበሬዎች ሳይተዉ ከሌላው ማሽላ ጋር ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ይዘሯቸው ነበር። ለጎተራ ሳይሆን እሸቱ ሳይደርቅ ቆርጠው ጠብሰው ለመብላት ነው። ከእነዚህ የእሸት ማሽላዎች አንዱን ወተት በጉንጬ ብለው ይጠሩታል።